ካሣው የሚጠፋው ፍርድ ቤት ሳይደርስ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ መኪና አደጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ጎንደር ሆኜ አነበብኩት። ሾፌሮች ረጋ ብለው እንዲነዱ፣ እግረኞችም ግራ ቀኝ አይተው እንዲሻገሩ ይመክራል። ምክሩ ደግ ነው። የቆሰለው ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ግን አልተነሳም። የኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ጠበቃ ነኝ። ከምይዛቸው መዝገቦች አብዛኞቹ የአካል ጉዳትና የሞት ካሣ ናቸው። ባጃጅ የገጨው፣ አይሱዙ የተገለበጠበት፣ ከፎቅ ሥራ ላይ የወደቀ፣ እጁን ወፍጮ የያዘው ሰው ነው ወደኔ የሚመጣው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ አንድ ነገር ነው። ብዙ ሰው ካሣውን የሚያጣው ተከራክሮ ተሸንፎ አይደለም። ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ ገና ጀሶው ሳይፈታ፣ አንድ ወረቀት ላይ ፈርሞ ነው።

አደጋ ሲደርስ በኛ አገር የሚሆነው ይታወቃል። የሾፌሩ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ቄሱ መስቀል ይዘው ይመጣሉ፤ ሰፈሩ የሙስሊም ከሆነ ሼኩ ይመጣሉ። ጉዳተኛው ተኝቷል። ቤተሰቡ ለመድኃኒት ተበድሮ እጁ ባዶ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ «ሆን ብሎ አይደለም፣ የእግዜር ቁጣ ነው፣ ልጁም የደሃ ልጅ ነው» ይላሉ። ውሸት አልተናገሩም። ባጃጅ በቀን ሒሳብ ተከራይቶ የሚነዳ ልጅ ከየት ያመጣል? ለሕክምና ተብሎ የተወሰነ ብር ይቀመጣል። ከዚያ ጽሕፈት የሚያውቅ አንዱ ወረቀት ያወጣል። «ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር አልጠይቅም» ተብሎ ይጻፋል። ምስክሮች ይፈርማሉ። ጉዳተኛው በአውራ ጣቱ ያትማል።

እርቅን እየነቀፍኩ አይደለም። ጎንደሬ ነኝ፤ ሽማግሌ ባይገባ ኖሮ ስንት ቤት በደም ይፈላለግ እንደነበር አውቃለሁ። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ያ ጉዳተኛ ያተመው እንግዲህ በራሱ ላይ ፍርድ ነው። ከመንፈቅ በኋላ እግሩ መግል ይዞ እንደገና ሊቀደድ ሲሆን፣ ወይም ሐኪሙ «ከባድ ዕቃ ማንሳት አትችልም» ሲለው ወደኔ ይመጣል። ወረቀቱን ሲያሳየኝ ልቤ ይወድቃል። አንዳንዱን ስምምነት ማፍረስ ይቻላል። ተታሎ ወይም ተገዶ ፈርሞ እንደሆነ እንከራከራለን። ከባድ ክርክር ነው፤ ጊዜም ይበላል።

ሽማግሌዎችን ባገኘኋቸው ቁጥር የምለምናቸው ይህን ነው። ሰዎቹን አስታርቁ፤ ስለ ቂሙ ጻፉ። የካሣውን ጉዳይ ግን ሕክምናው አልቆ የጉዳቱ መጠን እስኪታወቅ ለይታችሁ አቆዩት። ለጊዜው የተሰጠውንም ብር «ለሕክምና መርጃ የተሰጠ» ብላችሁ ጻፉት። ብዙዎቹ ሲነገራቸው ይገባቸዋል። ከአዘዞ ወዲያ አንድ ቄስ አሉ፤ አሁን እርቅ ከመጻፋቸው በፊት ይደውሉልኛል። «ልጄ፣ ይህቺን ቃል እንዴት ላስቀምጣት?» ይሉኛል። የሳቸው ስልክ ሲጠራ ደስ ይለኛል።

እንዴት እዚህ ሥራ ውስጥ እንደገባሁ ልንገራችሁ፤ ጠበቃ ሁሉ ገንዘብ አሳድዶ የገባ የሚመስለው ሰው ስላለ ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። መስመራቸው ከጎንደር መተማ ነበር። ጭልጋ ቁልቁለት ላይ መኪናው ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ፤ የአባቴ እግር ከሥር ቀረ። ባለመኪናው ቤታችን ድረስ መጥቶ አለቀሰ። አንድ ኩንታል ጤፍ አመጣ፣ የበግ መግዣ ሰጠ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ ታረቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። አባቴም እስከ ዕለተ ሞታቸው በደግ ነው ያነሱት። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ አራዳ ገበያ ቅመም እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ታላቅ ወንድሜም ትምህርቱን ትቶ ሊስትሮ ሆነ።

ሕጉ ያን ጊዜም ነበረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥር 2081 ያኔም ዛሬም አንድ ነው። መኪናው ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይጠየቃል። ሾፌሩ እንዲነዳ ያልፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ይጠየቃል። መኪናው ተሰርቆበት ካልሆነ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው ራሱ ካልሆነ በቀር «እኔ ምን አጠፋሁ» ብሎ አያመልጥም። የሠራተኛ ሕግም ነበረ። ለአባቴ ግን ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ ያንን ቁጥር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳነበው አስተማሪው የሚለውን መስማት አቃተኝ።

ሕግ በዲፕሎማ ተምሬ መጀመሪያ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆንኩ። ክስ ተቀብሎ መዝገብ መክፈት ነው ሥራው። ከዚያ በወረዳ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተሾምኩ። ዲግሪዬን በማታው ፕሮግራም እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ጨረስኩ። ቀን ችሎት፣ ማታ ክፍል፣ ሌሊት የሕፃን ልጅ ለቅሶ። ባለቤቴና እናቴ ባይኖሩ አልጨርሰውም ነበር።

ዳኝነቱን የተውኩት በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ ባስቀመጠው የጊዜ ገደብ፣ ምክንያት ነው። በቁጥር 2143 መሠረት ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የካሣ ክሱን ማቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ እሱንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይርጋን ዳኛ በራሱ አያነሳም፤ ተከሳሽ ነው የሚያነሳው። የባለመኪና ጠበቃ ደግሞ ይህን መቼም አይረሳም። ከሳሹ ያለ ጠበቃ ይቆማል። ክራንቹን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እስኪሻለኝ ብዬ ነው የቆየሁት» ይላል። ከችሎት ላይ ሆኜ «እንዲህ ብለህ መልስ» ልለው አልችልም። ዳኛ ለአንድ ወገን አይመክርም፤ ደግሞም መምከር የለበትም። መዝገቡን ዘግቼ ቤቴ ስገባ እህል አልወርድ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ወርጄ ከነሱ ጎን ለመቆም ፈቃድ አወጣሁ።

በነዚህ የችግር ዓመታት ደግሞ ነገሩ ብሷል። መንገድ ይዘጋል፣ ከወረዳ ምስክር ማምጣት ይከብዳል፣ ሰውም ነፍሱን ሲያድን ስለ ክስ አያስብም። ሁለት ዓመቱ ግን መቁጠሩን አይተውም።

ብዙ ሰው የጠበቃ ሥራ ችሎት ላይ ቆሞ መናገር ይመስለዋል። በኔ መስክ ንግግሩ ትንሹ ነው። ሥራው ወረቀት መልቀም ነው። ትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን የአደጋ ፕላን አወጣለሁ። የመኪናውን ሊብሬ በማን ስም እንዳለ አጣራለሁ። እዚህ ላይ ጣጣ አለ፤ መኪና በውክልና ብቻ ተሸጦ ሊብሬው በድሮው ባለቤት ስም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሻጩ «ሸጫለሁ» ይላል፣ ገዢው «ስሙ የኔ አይደለም» ይላል። እኔ ሁለቱንም ከሾፌሩ ጋር እከሳለሁ። ቀጥሎ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የተገባውን ኢንሹራንስ፣ እፈልጋለሁ፤ ምልክቱ ከፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ነው። አደጋ ያያችሁ ሰዎች እባካችሁ ታርጋውንና መስታወቱ ላይ ያለውን በስልካችሁ አንሱት። ያቺ ፎቶ መዝገብ ታድናለች።

የሕክምና ማስረጃም አለ። የኛ ሰው አጥንቱ ሲሰበር ወጌሻ ይወዳል። እኔም ወጌሻ ያሸኝ ሰው ነኝ፣ እጃቸው ይፈውሳል። ወጌሻ ግን ለፍርድ ቤት የሚሆን ማስረጃ አይሰጥም። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂዳችሁ ካርድ አውጡ፣ ራጅ ተነሱ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ። ሕክምናው ሲያበቃ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይጽፋል፤ የካሣው ስሌት የሚቆመው በሱ ላይ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ቢሆን በዓመት 72,000 ነው። ቦርዱ የመሥራት አቅሙ 40 በመቶ ቀንሷል ካለ በየዓመቱ የሚያጣው 28,800 ብር ነው። 15 ዓመት የመሥራት ዕድሜ ቢቀረው 432,000 ብር ይሆናል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ስለሆነ ዳኛው ሊቀንሱት ይችላሉ። የሕክምናው ወጪ ለብቻው ይጨመራል። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ገና አልጋ ላይ ሳለ ለሕክምና በተሰጠ ብር አስፈርመው የሚያሰናብቱት።

ከሁሉ የሚከብደው ገቢን ማስረዳት ነው። የወር ደመወዝ ያለው ሰው ደብዳቤ ያመጣል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ምን ታመጣለች? እንዲህ ያለች አንዲት እናት ነበረች፣ ቀኝ እጇን ባጃጅ ገጭቷት ምጣድ ላይ ሊጥ ማዞር አቃታት። ተከሳሾቹ «የቤት እመቤት ናት፣ ገቢ የላትም» ብለው መለሱ። እኔ እንጀራ የምታስረክብበት ምግብ ቤት ሄድኩ። ባለቤቲቱ የዱቤ ደብተር ነበራት። በየቀኑ ስንት እንጀራ እንደተረከበች፣ መቼ እንደከፈለች በእጇ ጽፋዋለች። ደብተሩን ይዛ መጥታ መሰከረች። ዳኛው ገጹን እያገላበጡ ዝም ብለው አነበቡት። ተፈረደላት። ደብተሩ ባይኖር ኖሮም ሕጉ መንገድ አለው። የጉዳቱ መጠን በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ ይቆርጣል፤ ቁጥር 2102 ነው። «ማስረጃ የለኝም» ብሎ ቤት የሚቀመጥ ሰው ይህን ይስማ።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ሲወጣ ቤተሰቡ «አለቀ» ብሎ ይበተናል። አላለቀም። በቁጥር 2149 መሠረት የካሣውን ክስ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀሉ ነፃ መለቀቅ አይገደድም። ሾፌሩ ተፈርዶበት መቀጮ ቢከፍልም መቀጮው ለመንግሥት ነው የሚገባው፤ ለተጎጂው ሳንቲም አይደርስም። መድን ድርጅቱ የሰጠውን ተቀብለውም «ጨረስን» የሚሉ አሉ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ ለሞትም ለአካል ጉዳትም ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ጣሪያው የመድን ድርጅቱ ነው። ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ የተረፈውን ባለመኪናው ይከፍላል። ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና ቢሆን እንኳ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ ባዶ እጅ መቅረት የለም።

የሞተበት ቤተሰብም መብት አለው። ሚስት ወይም ባል፣ ወላጆችና ልጆች በራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ፤ ቁጥር 2095 ይመልከቱ። ገጠር በባህል ተጋብታ ወረቀት የሌላት ሚስት ብትሆን ጋብቻዋን በምስክር ታስረዳለች። «ሙታን አይመለስ» ብላ ዝም ያለች ስንት እናት አውቃለሁ። ለልጆቿ ደብተር መግዣ ይሆናት ነበር።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሕጉ ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘኑና ለሕመሙ፣ የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል፤ ቁጥር 2116 ነው። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለበዓል ዶሮ አይበቃም። ልጇን ያጣች እናት ፊት ቆሜ ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ባልሆንም። ዳኞችም ቁጥሩን ሲጽፉ ፊታቸው ይከብዳል። ይህ ቁጥር መሻሻል አለበት። ጋዜጣችሁ የሕግ አውጪዎችን ጆሮ የሚያገኝ ከሆነ ይህን ደጋግማችሁ ጠይቁልን።

ስለ ክፍያም ላንሳ፤ ሰው ጠበቃ የሚሸሸው በዚህ ነው። «ካሣውን ጠበቃ ይበላዋል» ይባላል። ያልተገባ የሚወስድ የለም አልልም፤ አለ፣ ሙያዬንም ያሰድበዋል። እኔ መዝገብ ማንቀሳቀሻ ጥቂት እቀበላለሁ፤ ቀሪውን ገንዘቡ ሲገባ። ሁሉንም በጽሑፍ ውል አደርጋለሁ። ማንኛውንም ጠበቃ «ውላችንን ጻፍልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው ደግሞ በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ከመፈረም በፊት አንድ ቀን ሄዶ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ለወጣት የሕግ ምሩቃን አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችሁ አዲስ አበባ ገብታችሁ የባንክና የኩባንያ ውል መሥራት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፣ ኑሮ ነው። እዚህ መስክ ላይ ግን ሰው የለም። ከደባርቅ፣ ከደንቢያ፣ ከጭልጋ የሚመጣውን ሁሉ የምንይዘው ጥቂቶች ነን፤ እኛም እያረጀን ነው። ሥራው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያስቀምጣል፣ ፖሊስ ጣቢያ ያመላልሳል፣ ገንዘቡም ዘግይቶ ይመጣል። ግን ሰው ይዘህ ትውላለህ። የሕክምና ካርድ ማንበብ ትማራለህ፣ የአጥንት ስም ታውቃለህ፣ የፍሬንና የመሪ ነገር ከመካኒክ ትጠይቃለህ። መማር የሚፈልግ ካለ ቢሮዬ ይምጣ፤ መዝገቤን ከፍቼ አሳያለሁ።

ለእናንተ ደግሞ ልመናዬ ትንሽ ነው፣ ክቡር አዘጋጅ። የአደጋ ዜና ባወጣችሁ ቁጥር ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምሩ፤ «የካሣ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ጠይቁ» የምትል። ቦታ ከጠበበባችሁ ይህን ደብዳቤ አሳጥሩት፤ ያቺን መስመር ግን አትተዉብን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት ጠበቃ፣ ከጎንደር
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)